መሬትን ሳያውቁ መሬት ማሻሻጥ

ለጥናት ክበቦች የቀረበ መነሻ ጽሑፍ

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን በትምህርት ላይ የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ከመሬት ሽያጭ ጋር የምንገናኝባቸው ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው፣ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ፣ ሌሎቹም ገና ሳይጨርሱ፣ ወደ ቤትና መሬት ማሻሻጥ ሥራ መግባታቸው ነው። ሁለተኛው በር ከዚህ የከበደ ነው። በየሰው ቤት፣ በየሱቁና በየሆቴሉ የሚሠሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ለዓመታት ያጠራቀሙትን ደመወዝ «አገር ቤት የእርሻ መሬት ግዙበት» የሚል ሰው ሲመጣባቸው ምክር የሚጠይቁት እኛን ነው። የውሉን ወረቀት እንድናነብላቸው፣ በስልክ የተላከውን ፎቶግራፍ እንድናይላቸው ይሰጡናል። ተምረዋል ብለው ስለሚያምኑን «ጥሩ ይመስላል» ያልነው ቃል እንደ ማስረጃ ይቆጠራል።

በ1957 ዓ.ም. የካቲት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ከተሰለፉ ወዲህ የኢትዮጵያ ተማሪ ስለ መሬት ብዙ ጽፏል። አብዛኛው ጽሑፍ ግን ያተኮረው መሬቱን ማን ይዞታል፣ ማንስ ሊይዘው ይገባል በሚለው ጥያቄ ላይ ነበር። መሬቱ ራሱ ምን ዓይነት ነው፣ ውኃው ከየት ይመጣል፣ ምን ያበቅላል፣ በስንት ይለካል የሚለው ዕውቀት በገበሬው ዘንድ ቀረ። ይህ ጽሑፍ ያንን ዕውቀት በመጠኑ ለማሰባሰብ የተዘጋጀ ነው።

ከመነሻው ልንገነዘበው የሚገባን አንድ ነጥብ አለ። በኤምሬቶች ገጠር ገዢው በመሬት ስም ገንዘቡን የሚከፍለው በአብዛኛው ለውኃው ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ደግሞ በሕጋዊ መንገድ ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ የሚችለው የመጠቀም መብቱ እንጂ መሬቱ አይደለም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳይለይ የሚያሻሽጥ ሰው፣ ቢያውቅም ባያውቅም፣ የሌለውን ዕቃ ይሸጣል።

1. የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የሚሸጠው ምንድን ነው?

አፈሩን ከማየታችን በፊት መብቱን መመርመር አለብን።

ሀ) በኤምሬቶች። በዱባይ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ቁጥር 7 መሬትን በባለቤትነት የመያዝን መብት ለአገሩ ዜጎችና ለባሕረ ሰላጤው ትብብር ምክር ቤት አገሮች ዜጎች ይሰጣል። ሌላው የውጭ አገር ሰው በባለቤትነት ወይም እስከ 99 ዓመት በሚደርስ የመጠቀም ወይም የኪራይ መብት ሊይዝ የሚችለው የኤሚሬቱ ገዢ ለይቶ በወሰናቸው ሠፈሮች ብቻ ነው። በሻርጃና በአጅማንም ለውጭ ሰው የተከፈቱት ቦታዎች የተለዩና የተወሰኑ ናቸው። እነዚህ ክፍት ቦታዎች በአብዛኛው የከተማ ሕንጻዎችና አዳዲስ የመኖሪያ መንደሮች ናቸው። በሻርጃ በዘይድና በምለይሃ፣ በአጅማን በመናማና በመስፉት፣ በዱባይ በሐታ የምናያቸው እርሻዎች ግን በብዛት መንግሥት ለዜጎች የሰጣቸው ናቸው። ስለዚህ «ይህ እርሻ ለማን ሊተላለፍ ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ከዋጋው በፊት ይቀድማል። ለውጭ ሰው የሚቀረው ብዙ ጊዜ ኪራይ ብቻ ነው። የኪራይ ውልን እንደ ሽያጭ አድርጎ ማቅረብ ማታለል ነው።

አሻሻጩም ራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በዱባይ በ2006 የወጣው የአሻሻጮች ደንብ ቁጥር 85 ማንም በመዝገብ ሳይገባ በዚህ ሥራ እንዳይሰማራ ይከለክላል። በተማሪ ቪዛ ተቀምጦ «ደንበኛ ብቻ አገናኛለሁ» የሚል ጓደኛችን የሚጠይቀው ኮሚሽን ከሕጉ አያድነውም።

ለ) በኢትዮጵያ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ መሸጥን፣ ማስያዝንና ማከራየትን ከለከለ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠውንም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደነገገ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ ከዚያም እርሱን የተካው የ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1324 ይህን መሠረት አልለወጡም። የተለወጠው ሌላ ነው። ከ1967ቱ አዋጅ በተለየ ሁኔታ ገበሬው ዛሬ በይዞታው የመጠቀም መብቱን ሊያከራይ፣ ለቤተሰቡ ሊያወርስ ይችላል። የኪራዩን ዘመን ጣሪያ ክልሎች በየሕጋቸው ይወስናሉ፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ይኖርበታል።

ሕገ መንግሥቱ ሌላም ነገር ይለያል። ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያቆመው ቤት፣ የተከለው ቋሚ ተክል፣ ያደረገው ቋሚ መሻሻል የራሱ ንብረት ነው። የሐሰተኛ ደላላ ንግግር ብዙ ጊዜ የሚያድገው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። «የምትገዙት ባሕር ዛፉን ነው» እያለ መሬቱን ይሸጣል። ወይም ሽያጩን በስጦታ፣ በብድር ወይም በረጅም ኪራይ ውል ይሸፍነዋል። ሽፋኑ ምንም ይሁን፣ ሕግ የከለከለውን ነገር የያዘ ውል ክርክር ቢነሣ በፍርድ ቤት አይጸናም። ከተማ እየሰፋ መጥቶ መሬቱ ለልማት ሲወሰድም ካሣ የሚከፈለው በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ስሙ ለሰፈረው ሰው ነው። ዱባይ ላይ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ስሙ የትም የለም። በዚያ መሬት ላይ ቤት ቢሠራም የጨረቃ ቤት ሆኖ ይፈርሳል።

ደብተሩን በሚመለከት ሦስት ነገር እንይ። አንደኛ፣ በደብተሩ የባልም የሚስትም ስም ካለ፣ የአንዱ ፊርማ ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛ፣ በደብተሩ የተጻፉት አዋሳኞች በመሬቱ ላይ ካሉት ጎረቤቶች ጋር መመሳከር አለባቸው። ሦስተኛ፣ የደብተሩ ፎቶግራፍ ደብተሩን አይተካም። መዝገቡ ያለው በወረዳው ነውና ታማኝ ዘመድ ወደ ወረዳው መሄድ አለበት።

2. ልኬት

ብዙ ሰው የሚታለለው በልኬት ነው። በኤምሬቶች የእርሻ ቦታ በስኩዌር ጫማ ይነገራል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሚሆን መሬቱም ትልቅ ይመስላል። አንድ ሄክታር 10,000 ሜትር ካሬ ወይም 107,639 ስኩዌር ጫማ ነው። ስለዚህ «መቶ ሺህ ጫማ እርሻ» ሲባል የምንሰማው 9,290 ሜትር ካሬ ያህል ነው፤ አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም።

በአገራችን አንድ ጥማድ ሲባል አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው። ይህም በግምት ሩብ ሄክታር ይሆናል። ነገር ግን በሬውና አፈሩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ጥማድም ይለያያል። ጋሻ የሚባለው የቀድሞ ልኬት 40 ሄክታር ያህል ነበር። ስለዚህ ያ «መቶ ሺህ ጫማ» በገበሬያችን አነጋገር አራት ጥማድ አይሞላም። በጥማድ የተነገረን መሬት በሜትር ሳናስለካ፣ በጫማ የተነገረንን ደግሞ ወደ ሄክታር ሳንለውጥ ስለ ዋጋ መነጋገር የለብንም።

3. ውኃ

በኤምሬቶች በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። በባሕር ዳር አካባቢ 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል። የዚህን ልዩነት ትርጉም በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ ሲወርድ 10 ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። ስለዚህ 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ለአንድ ሄክታር 1,000 ሜትር ኩብ ይሰጣል። ስንዴ ከዘር እስከ አጨዳ ከ450 እስከ 650 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በሄክታር ከ4,500 እስከ 6,500 ሜትር ኩብ ውኃ ይፈልጋል። ዝናቡ በሙሉ በስንዴው ወቅት ቢወርድና አንዲት ጠብታ ባትባክን እንኳ ከሚያስፈልገው ሩቡን አይሸፍንም። የቀረው ከጉድጓድ ወይም ከቧንቧ መምጣት አለበት።

ሻርጃ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በምለይሃ የስንዴ እርሻ ሲጀምር በመጀመሪያው ምዕራፍ የተዘራው 400 ሄክታር ነበር። ውኃው ለዚሁ በተዘረጋ መስመር ከሩቅ እየተገፋ ይመጣል። ያ እርሻ አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ «ምለይሃ ለም ነው» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። አረንጓዴ ያደረገው የመንግሥት ውኃ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው ቦታ ያንን ውኃ አያገኝም።

ስለዚህ «ጉድጓድ አለው» የሚለው መልስ ብቻውን ምንም አይነግረንም። የሚከተሉትን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሀ) በሰከንድ ስንት ሊትር ይሰጣል? መሣሪያ ከሌለ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ተደቅኖ በሰዓት ይለካ። በርሜሉ በ100 ሰከንድ ከሞላ ጉድጓዱ በሰከንድ 2 ሊትር ይሰጣል። በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 72 ሜትር ኩብ ይሆናል። በሙቀት ጊዜ ሰብል በቀን 7 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በሄክታር 70 ሜትር ኩብ፣ ሊጠጣ ስለሚችል ይህ ጉድጓድ የሚችለው አንድ ሄክታር ብቻ ነው። አምስት ሄክታር እርሻ ከዚህ ጉድጓድ ጋር ቢሸጥ አራቱ ሄክታር አሸዋ ነው።

ለ) ውኃው የቆመው በስንት ሜትር ጥልቀት ነው? ከአሥር ዓመት በፊትስ? እየራቀ የሚሄድ ውኃ ፓምፕ እየጠየቀ፣ ኤሌክትሪክ እየበላ ይሄዳል።

ሐ) ለጉድጓዱ ፈቃድ አለው?

መ) ጨውነቱ ስንት ነው? ይህን ሳይመልስ የሚሸጥ ሰው እርሻ ሳይሆን ቦታ ነው የሚሸጠው። የውኃ ጨውነት ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ አቅሙ ይለካል፤ መለኪያውም ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል። ለመስኖ ከ0.7 በታች የሆነ ውኃ አያሠጋም፤ ከ0.7 እስከ 3 ያለው ጥንቃቄ ይሻል፤ ከ3 በላይ የሆነው ምርጫችንን በጣም ያጠብባል። ሰብሎችም ይለያያሉ። የአፈሩ ጨውነት 1.2 ሲደርስ የሽንኩርት ምርት መቀነስ ይጀምራል፤ ቲማቲም በ2.5፣ ስንዴ በ6፣ ገብስ በ8 ይጀምራል። ተምር በ4 ቢጀምርም የሚቀንሰው በዝግታ ነው፤ ምርቱ ግማሽ የሚሆነው ወደ 18 ገደማ ሲደርስ ነው። በአሮጌ እርሻዎች አትክልቱ ጠፍቶ ተምሩ ብቻ ቆሞ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በዱባይ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የጨዋማ እርሻ ምርምር ማዕከል የሚያጠናው ይህንኑ ጉዳይ ነው።

ጨው የባሕረ ሰላጤው ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገራችን በመካከለኛው አዋሽ፣ በመልካ ሳዲ አካባቢ፣ ውኃ የማንጣፈፊያ ቦይ ሳይዘጋጅ መስኖ በገፍ በመለቀቁ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ መጣ፤ ጨውም አብሮት መጣ፤ ሙዝ የተተከለበት መሬት ከጥቅም ውጭ ሆነ። ከዚህ የምንማረው፣ መስኖ የሚገባበትን ቦይ ያየ ሰው የሚወጣበትንም መጠየቅ እንዳለበት ነው።

የውኃ ተራም መብት ነው። በዘይድ ከተራራ ሥር ውኃ የሚያመጣው ጥንታዊ የምድር ውስጥ ቦይ ፈለጅ ይባላል፤ ውኃው ለባለ እርሻዎች የሚከፋፈለው በጊዜ ነበር። በእኛ አገር መስኖ ባለባቸው ቀበሌዎች ተራውን የሚያስከብረው የውኃ አባት ነው። መሬት ተከራይቶ የውኃ አባቱን ያልጠየቀ ሰው ውኃ በሌለበት ሰዓት መሬት ይዞ ይቀራል።

4. አፈር

አፈርን ለመለየት መጀመሪያ የሚያስፈልገው አካፋ ነው። አንድ ሜትር ያህል ቆፍረን ጎኑን እንመልከት። ለሙ አፈር የት ያልቃል? ድንጋይ ወይም እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ ንጣፍ የት ይጀምራል? ከዚያ እፍኝ አፈር አርጥበን በመዳፋችን እናድቦልቡለው። እንደ ገመድ ተስቦ የማይበጠስ ከሆነ ሸክላነቱ የበዛ ነው፤ ሳይያያዝ ከተበተነ አሸዋ ነው፤ በመሐል ከሆነ ለአብዛኛው ሰብል የሚመች ነው።

በኤምሬቶች አፈሩ በአብዛኛው አሸዋና ጠጠር፣ ኖራ የበዛበት ነው። ውኃ አይዝም፤ ብስባሽ የለውም፤ ኖራው ብረት የመሰሉ ንጥረ ነገሮችን ስለሚይዝባቸው ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ። በመሬቱ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ ወይም የቅጠሎች ጠርዝ ተቃጥሎ ከተገኘ ጨው መኖሩን ይጠቁማል።

በአገራችን ገበሬው አፈሩን በስሙ ይጠራዋል። ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍናል። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ያቁራል። ለምነቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ካልተንጣፈፈ ሰብሉ ይበሰብሳል፤ ቤት ቢሠራበትም ግድግዳው ይሰነጠቃል። ቀዩ አፈር ውኃ ያሳልፋል፣ ለማረስም ይመቻል፤ ነገር ግን ዝናብ በሚበዛባቸው የጎጃምና የወለጋ አካባቢዎች አሲዳማ እየሆነ ማዳበሪያ ቢጨመርበትም የማይመልስበት ጊዜ አለ። የሚታከመው በኖራ ነው፤ ኖራውና ማጓጓዣው ወጪ ስለሆነ በኪራዩ ስሌት መግባት አለበት። ድሮ ለግብር ሲባል መሬት ለም፣ ለም-ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ ይመደብ እንደነበር እናስታውስ። ያ አመዳደብ ያለ ምርመራ በአንድ ቃል ብዙ ሰው ይጎዳ ነበር። ዛሬ «ለም መሬት ነው» የሚለው የደላላ ቃልም እንዲሁ ነው።

ከአፈሩ ጋር ከፍታውን መጠየቅ ይገባል። ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ቆላ፣ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ ነው ብለን በግምት ልንይዝ እንችላለን። በ2,800 ሜትር ላይ ማንጎ እተክላለሁ ብሎ መሬት የሚከራይ ሰው ካገኘን ልንመልሰው ይገባል።

5. ጎርፍና ወቅት

መሬት በዓመት ውስጥ ብዙ መልክ አለው። የኤምሬቶችን እርሻ በጥር ያየ ሰው ዱባውን፣ ዱባውን የሚያጠጣውን ሠራተኛ፣ ቀዝቃዛውን ነፋስ ያያል። በነሐሴ ያየው ደግሞ ባዶ መስክና በውኃ የሚቀዘቅዝ የፕላስቲክ ቤት ያያል። የአገራችንን ዋልካ በመጋቢት ያየ ሰው ደረቅ ሜዳ ያያል፤ በነሐሴ ቢሄድ ጉልበቱ ድረስ ይሰምጣል። ስለዚህ አንድ መሬት ቢያንስ በሁለት ወቅት መታየት አለበት።

በሚያዝያ 16 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. በአል ዓይን አካባቢ በኻትም አል ሸክላ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዘገበ። ይህ በኤምሬቶች ከ1949 ጀምሮ በተያዘው መዝገብ ከፍተኛው ነው። በዚያ ቀን ለዓመታት ደርቀው የቆዩ ዋዲዎች ወንዝ ሆኑ። በሐታና በመስፉት ተራሮች መካከል ዋዲ ዳር ያለ ጠፍጣፋ መሬት ርካሽ ሆኖ ሲቀርብልን ጠፍጣፋ ያደረገው ጎርፉ መሆኑን እናስብ።

በአገራችን የታወቀው ምሳሌ ጋምቤላ ነው። ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. 100,000 ሄክታር ለ50 ዓመት ተከራየ፤ ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር። በ2011 የባሮ ወንዝ ሞልቶ በሺህ በሚቆጠር ሄክታር ላይ የነበረውን በቆሎ አጠፋበት። በ2015 መጨረሻ መንግሥት ውሉን አቋረጠ። የባሮ ዳር ነዋሪዎች ወንዙ በክረምት እስከ የት እንደሚወጣ ከአባቶቻቸው ጀምሮ ያውቃሉ፤ አሠፋፈራቸውም እርሻቸውም በዚያ የተቀመረ ነው። ዋጋው ርካሽ የሆነው ውኃው የሚያርፍበት ሜዳ በካርታ ላይ ሰፊ ባዶ መሬት መስሎ ይታያል። ትልቅ ገንዘብና ትልቅ ማሽን ይህን ዕውቀት አይተካም። እንግዲህ በመሬቱ ላይ ስንቆም «ጎርፍ አለ?» ብለን ሻጩን አንጠይቅ። በአካባቢው የሸመገሉትን «ውኃው በክፉ ዘመን እስከ የት መጣ?» ብለን እንጠይቅ።

6. ተክሉና ሰው

በኤምሬቶች የእርሻ ዋጋ በተምር ዛፍ ቁጥር ሲነገር ዛፎቹን መቁጠር ብቻ አይበቃም። ተምር ወንድና ሴት አለው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት። ኽላስ፣ በርሂ፣ ፈርድ እየተባለ በዝርያው ዋጋው ይለያያል። ከሁሉ በላይ ግንዱን እንይ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ባሕረ ሰላጤው የገባው ቀይ የተምር ነቀዝ ግንዱን ከውስጥ ይበላዋል። በግንዱ ላይ ቀዳዳ፣ የሚሸት ቡናማ ፈሳሽ ወይም የተኘከ ጭረት ከተገኘ ዛፉ ቆሞ እየሞተ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ በመሬቱ ላይ ያለው ሰው ነው። በዚህ አገር እርሻውን በእጁ የሚሠራው በአብዛኛው ከሌላ አገር የመጣ ሠራተኛ ነው፤ የጉድጓዱንም የጨውንም ታሪክ ከባለቤቱ ይልቅ እርሱ ያውቃል። በትሕትና ቀርበን ሻይ ብንጠጣ ከማስታወቂያው የበለጠ እንማራለን። በአገራችን ደግሞ «ባዶ ነው» የሚባል የገጠር መሬት እምብዛም የለም። ወይ የግጦሽ ነው፣ ወይ ለወጣቶች የታሰበ ነው፣ ወይ የአንዲት መበለት የእኩል እርሻ ነው። የ1997ቱ አዋጅ ገበሬው መሬቱን ሲያከራይ ራሱን እስከሚያፈናቅል ድረስ እንዳይሆን፣ በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸው የቤተሰቡ አባላት ሁሉ እንዲስማሙ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነበር። ከዱባይ የተላከ ደመወዝ አንድን ገበሬ ከማሳው ነቅሎ ጭሰኛ ወይም የከተማ ቀን ሠራተኛ ካደረገው፣ ላኪዋም አልተጠቀመችም፤ ገበሬውም ተጎዳ፤ ያተረፈው መካከለኛው ሰው ብቻ ነው።

7. ምን ብለን እንመልስ?

ምክር ስንጠየቅ የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንድንይዝ የጥናት ክፍላችን ያሳስባል። አንደኛ፣ መብቱን በመዝገብ እናረጋግጥ፤ በኢትዮጵያ ገጠር «ሽያጭ» የሚል ቃል ከሰማን እዚያው ላይ እናቁም። ሁለተኛ፣ ልኬቱን ወደ ሄክታር እንለውጥ። ሦስተኛ፣ ውኃውን በሊትርና በጨውነቱ እንለካ። አራተኛ፣ አፈሩን እንቆፍር። አምስተኛ፣ በሁለት ወቅት እንይ፣ ሽማግሌ እንጠይቅ። ስድስተኛ፣ በመሬቱ ላይ ማን እንዳለ እንወቅ። ከስድስቱ አንዱ ካልተመለሰ መልሳችን «አላውቅም፤ ገንዘብሽን ያዢ» የሚል ይሁን። ይህን ማለት የተማረ ሰው ነውር አይደለም። ለአሥር ዓመት በሰው ቤት የሠራች እህት በአንድ «ጥሩ ይመስላል» ባዶ እጇን ስትቀር ግን ነውሩ የእኛ ነው።

ፈቃድ አውጥተን በዚህ ሥራ የምንሰማራም ብንሆን ሕጉ ያው ነው። ስለ ውኃው ሳይደበቅ የተነገረው ገዢ ዋጋ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ተመልሶ አይከስም፤ ሌላ ደንበኛም ይዞ ይመጣል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ) 150,000 ስኩዌር ጫማ ስንት ሄክታር ነው? በግምትስ ስንት ጥማድ ይሆናል?

ለ) አንድ ጉድጓድ 200 ሊትር በርሜል በ50 ሰከንድ ቢሞላና በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ፣ በሙቀት ወራት ስንት ሄክታር ያጠጣል?

ሐ) የጉድጓዱ ውኃ ጨውነት 5 ቢሆን ለገዢው ምን እንዲተክል፣ ምንስ እንዳይተክል ትነግሩታላችሁ?

መ) «ባሕር ዛፉን ነው የምትገዢው» በሚል ውል ውስጥ በሕግ የሚጸናውና የማይጸናው ክፍል የትኛው ነው?

ሠ) በየክበባችሁ ከወላጆቻችሁ ወይም ከዘመዶቻችሁ አንድ ገበሬ በስልክ ጠይቁ፦ የቀበሌውን አፈሮች በስማቸው፣ ጎርፉ የሚደርስበትን ቦታ፣ የውኃ አባቱን ሥራ። የሰማችሁትን ጽፋችሁ ለሚቀጥለው እትም ላኩልን።